ወደ የትኛው ተራራ እንውጣ?
ለባልና ሚስት የዕረፍት ቦታ ስለ መምረጥ

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን በክረምታቸው ወራት የሚልኩልንን ፎቶግራፍ አይታችሁ ይሆናል። ባልና ሚስት ወፍራም ካፖርት ለብሰው በነጭ በረዶ መካከል ቆመው ይስቃሉ፤ ልጆቻቸው ከኋላ ይንሸራተታሉ። ዴንቨር የሚኖር ቤተሰብ ቅዳሜ ማለዳ መኪናውን አስነሥቶ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ጉዞ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም በጣሊያን ቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም የተባለው ወገናችን ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ሸርተቴ ሲወዳደር ብዙዎቻችን ተገርመን ነበር።

በአገራችን እንዲህ ያለ መዝናኛ የለም። ጉና ላይ በረዶ ይጥላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ይቀልጣል። ለሸርተቴ የሚሆን በረዶ ባይኖረንም እነዚያ ቤተሰቦች ከመነሣታቸው በፊት የሚጠይቁት ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው። ከከተማችን በመኪና ልንደርስበት ከምንችለው ደጋ ሁሉ ለእኛ ለሁለታችን የሚሆነው የትኛው ነው? በባሕር ዳር፣ በደብረ ታቦር፣ በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ ያላችሁ ባልና ሚስቶች ሁለትና ሦስት ቀን ብቻችሁን ልታሳልፉ ብትነሡ ወዴት ትሄዳላችሁ? በዚህ ጽሑፍ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

ዕረፍት የሀብታም ነገር ነውን?

“ዕረፍት የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ የምናርፈው ስንሞት ነው” የሚሉ አሉ። ጌታችን ግን እንዲህ አላለም። ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ብዛት እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ስለነሣቸው፣ ለብቻቸው ገለል ወዳለ ስፍራ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው (ማር. 6፥31)። ያ ሁሉ ሕዝብ በፊቱ እያለ ነው ይህን የተናገረው።

አንዲት እኅት በምክር ጊዜ ያለችኝን አልረሳውም። “እትዬ፣ ከባለቤቴ ጋር ብቻችንን ቁጭ ብለን የተጨዋወትነው ልጃችን ከመወለዷ በፊት ነው። አሁን ልጃችን ሰባተኛ ክፍል ናት።” ባልዋ ክፉ ሰው አይደለም። በሳምንት አራት ቀን በቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፤ ቀሪውን ቀን ቤተሰቡን ለመመገብ ይሮጣል። አልተጣሉም፤ አንዱ ሌላውን አልበደለም። ነገር ግን በአንድ ቤት እየኖሩ ቀስ በቀስ እንግዳ ለእንግዳ እየሆኑ ነበር። ወዳጆቼ፣ በጠብ የፈረሰ ትዳር ቶሎ ይታያል፤ በድካም የሚፈርሰው ግን እስኪወድቅ ድረስ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሁለት ቀን ብቻ ለብቻ መሆን ትርፍ ነገር አይደለም።

ዋናው መለኪያ፦ የደካማው እርምጃ

ብዙዎቻችን ቦታ የምንመርጠው በወሬ ነው። “እገሌና እገሊት ሄደው ነበር” ሲባል እንሄዳለን። ያዕቆብ ከዔሳው ጋር በታረቀ ጊዜ ወንድሙ አብረን እንሂድ ቢለው፣ ልጆቹ ለጋ እንደሆኑ፣ የሚያጠቡ እንስሳትም እንዳሉት ተናግሮ፣ በእነርሱ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ እንደሚከተለው ነገረው (ዘፍ. 33፥13-14)። ዔሳው 400 ጠንካራ ሰዎች ይዞ ነበር፤ በፍጥነቱ ቢሄድ አያስነቅፈውም። ያዕቆብ ግን ጉዞውን በደካማው ለካ።

ባልና ሚስትም ቦታ ሲመርጡ ከሁለቱ የደከመው ማን ነው ብለው መጀመር አለባቸው። ሚስት ነፍሰ ጡር ብትሆን፣ ባል ደም ግፊት ቢኖርበት፣ አንዱ መንገድ ሲያዞረው የሚያስመልሰው ቢሆን፣ ተራራው የሚመረጠው በዚያ ሰው ልክ ነው። ጠንካራው ይህን ሲያደርግ ዕረፍቱ ገና ከቤት ሳይወጡ ይጀምራል። ከዚህ ቀጥሎ አራት ነገሮችን እንመልከት።

1. መንገዱና ሰላሙ። ከሁሉ በፊት ይህ ይጠየቅ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበትና ትራንስፖርት የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ሆኗል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት በመንገዱ የተመላለሰ ሰው ጠይቁ። በዚያ ከተማ ያለች ቤተ ክርስቲያን ብትኖር ለአገልጋዮቿ ደውሉ፤ የሾፌሮችንም ምክር ስሙ። “እግዚአብሔር ይጠብቀናል” ማለት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው ሳይጠይቁ መንገድ መጀመር እምነት ሳይሆን ጌታን መፈታተን ሊሆን ይችላል። ጉዟችሁን በቀን አድርጉ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ማደሪያችሁ ግቡ። መኪና ያላችሁ ፍሬኑንና ጎማውን አስፈትሹ፤ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱት።

2. ከፍታው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። የጉና አናት ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ባሕር ዳር በሸሚዝ የሄደ ሰው ጉና አናት ላይ 15 ዲግሪ ገደማ የሚበልጥ ብርድ ይጠብቀዋል ማለት ነው። አየሩም ይሳሳል፤ በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ትንፋሽ ማጠርና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ይህ በሽታ ጠንካራ ደካማ አይልም። መፍትሔው ቀስ ብሎ መውጣት፣ ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ ሕመሙ ከበረታም ሳይውሉ ሳያድሩ መውረድ ነው። የልብ፣ የደም ግፊትና የአስም ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችም ሐኪም ሳታማክሩ ወደ ከፍተኛው ደጋ አትውጡ።

3. ወቅቱ። ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ ጭጋጉና ጭቃው ያይላል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ሰማዩም ይጠራል፤ ለባልና ሚስት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅም። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው የኦርቶዶክስ ተከታይ ስለሆነ በጾም ወራት በየምግብ ቤቱ የጾም ምግብ ብቻ እንደምታገኙ አስቡ፤ ይህንን እያጉረመረሙ ሳይሆን በአክብሮት መቀበል የእንግዳ ወግ ነው። ላሊበላ ከሆነ የምትሄዱት የገና ሰሞን ማደሪያ ማግኘት ከባድ መሆኑን ቀድማችሁ እወቁ።

4. ወጪው። ለዕረፍት ብድር አትግቡ። በብድር የተገኘ ዕረፍት ሲመለሱ ጠብ ሆኖ ይቆያል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ በፖስታ ወይም በዕቁብ እየለያችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ብትወጡ ይበቃል። ወጪውን ሁለታችሁም እወቁት፤ አንዱ ደብቆ የሚያወጣው ገንዘብ የሌላውን ዕረፍት ይነሣዋል።

አሁን ቦታዎቹን እንያቸው

ደብረ ታቦርና ጋፋት። ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በወረታ በኩል ይታጠፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጡ፣ ትንንሽ ልጆች ላሏቸውና ረጅም መንገድ ለማይችሉ ይህ ይሻላል። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ከፍታው አብዛኛውን ሰው አያሳምምም። ከከተማው አቅራቢያ ጋፋት አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነው። ለእኛ ለወንጌላውያን አማኞች ደግሞ የሚያሳስብ ታሪክ አለው። ባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የተላኩት ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ጓደኞቹ ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ በኋላ ግን ንጉሡ መድፍ እንዲያቀልጡ አደረጓቸው። ባልና ሚስት ሆናችሁ እዚያ ስትቀመጡ “እኛስ የተጠራንበትን ሥራ እየሠራን ነው ወይስ ሌላ ነገር ወስዶናል?” ብላችሁ ብትጠያየቁ መልካም ነው።

ጉና። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ክምር ድንጋይ የተባለችው ከተማ በጉና ግርጌ ትገኛለች። ጉና የፋርጣ፣ የላይ ጋይንትና የእስቴ ሰዎች የሚጋሩት ተራራ ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ፤ ባሕር ዳር ሆነን የምናየው ውኃ ከፊሉ ከዚህ የወረደ ነው። ከፍ ሲሉ ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው ይታያል፤ ዝቅ ሲሉ የገብስና የድንች ማሳ ነው። ጉና የሚሆነው ጤነኞች ለሆኑና በእግር መሄድ ለሚወዱ ነው። ምክሬ ይህ ነው፦ ደብረ ታቦር እደሩ፣ ሰውነታችሁ ከፍታውን ይልመድ፣ በማግሥቱ ማለዳ የአካባቢውን ሰው መንገድ መሪ ይዛችሁ ውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ሳይወርድ ተመለሱ። አናቱ ላይ መድረስ ግዴታ አይደለም። አንዳችሁ ከደከመ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ቆሎ ብትበሉ ጉና አይቀየማችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነት እስከ ጉና ደርሶ ነበር። ስለዚህ በሜዳ ላይ የማታውቁትን የብረት ነገር አትንኩ፤ የአካባቢው ሰው ከሚሄድበት መንገድም አትውጡ።

ነፋስ መውጫና ጨጨሆ። ከባሕር ዳር ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ከወረታ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ቻይናውያን የሠሩት ነው። ነፋስ መውጫ ስሟ እንደሚናገረው ነፋሷ ብርቱ ነው፤ ጋቢና ካፖርት ሳትይዙ አትሂዱ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ስትቀጥሉ ጨጨሆ ላይ ገደሉና ሸለቆው በሁለት ወገን ይከፈታል። ማደሪያው ቀላል አልጋ ቤት ነው፤ ከመከራየታችሁ በፊት ክፍሉን እዩት፤ ከመጠጥ ቤት ጋር የተያያዘ ከሆነም እንቅልፍ አታገኙምና ሌላ ፈልጉ። በዚህ ከተማ በዚያው ነሐሴ 2013 ዓ.ም እኅቶቻችን ላይ ስለ ደረሰው ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም ሪፖርት አውጥቷል። ስለዚህ በዚያ ስታልፉ እንደ ጎብኚ ብቻ አትለፉ። ቡናዋን ከምትሸጠው እኅት ጠጡ፤ ሰላምታችሁ ለስለስ ይበል፤ ያለፈውን እየጠየቃችሁ ቁስል አትነካኩ፤ ማታ በክፍላችሁ ሆናችሁ ጸልዩላቸው።

ላሊበላ። በዚሁ መንገድ ጋሸና ላይ ወደ ግራ ተገንጥሎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከባሕር ዳር ሲቆጠር ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ማደሪያው ብዙ ዓይነት ነው፤ ከፍታውም 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጉና ይልቅ ለሰውነት ይቀላል። ነገር ግን ሁለት ቀን ብቻ ላላችሁ ሰዎች ዕረፍቱ በመንገድ ያልቃል። ቢያንስ አራት ቀን ሲኖራችሁ ምረጡት።

የሰሜን ተራሮች። በጎንደር በኩል ደባርቅ መድረስ ከባሕር ዳር 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጭላዳውና ዋልያው፣ ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ደጀንም በዚያ ነው። ፓርኩን ለመግባት ክፍያና ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ወጪው ከሌሎቹ ይበልጣል። ለ10ኛ ወይም ለ20ኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችሁ ብታስቀምጡት የሚያስቆጭ አይደለም።

በደጋ ለምትኖሩ ለእናንተ። የነፋስ መውጫና የክምር ድንጋይ ሰው ለዕረፍት ወደ ብርድ ውጣ ቢባል ይስቃል፤ እውነቱንም ነው! ዓመቱን ሙሉ ጋቢ ለብሶ የሚኖር ሰው ዕረፍቱ ወደ ታች ነው። ጣና ዳር ተቀምጦ ዓሣ መብላት፣ ወይም ደራ ውስጥ ባለው በዋንዛዬ ፍል ውኃ የደከመ ጉልበትን ማሳረፍ ለእናንተ ከየትኛውም ተራራ ይበልጣል። ከስማዳና ከእስቴ ቆላ ለምትነሡ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ወይም ደብረ ታቦር ወጥቶ ሁለት ሌሊት በቀዝቃዛ አየር መተኛት በቂ ነው። ወደ ቆላ የምትወርዱ የአልጋ አጎበር ያዙ፤ ወባ አለና።

ሴባስቶፖልን እየጎተታችሁ አትውጡ

ጋፋት የተሠራው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል ይባላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ተነሥተው ይህንን ብረት በጨጨሆ በኩል፣ ገደሉን ሁሉ መንገድ እያስጠረቡ ወደ መቅደላ ወሰዱት። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ወታደሩ ጎተተ፣ ደከመ፤ ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ ነበር። መቅደላ ደርሶ ግን ያ ሁሉ ድካም አላዳናቸውም።

አንዳንድ ባልና ሚስት ለዕረፍት የሚወጡት እንደዚህ ነው። ሞባይሉ ክፍት ነው፤ የኮሚቴው ጉዳይ፣ የሕንጻው መዋጮ፣ የአማቾች ቅሬታ፣ ያለፈው ዓመት ጠብ ሁሉ አብሮ ይጎተታል። ተራራው ላይ ሲደርሱ ደክመው ይጣላሉ። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። ስልክ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈት፤ ለልጆቹና ለአያታቸው ብቻ። አገልግሎቱን ለሌላ ወንድም ወይም እኅት አስረክቡ። የመጀመሪያውን ቀን ከባድ ነገር አታንሡ፤ ተኙ፣ ብሉ። ኤልያስ ወደ ኮሬብ ተራራ ከመውጣቱ በፊት መልአኩ ያደረገለት እንጀራና እንቅልፍ መስጠት ነበር (1ነገ. 19፥5-8)፤ ወቀሳ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ልባችሁ ሲረጋጋ ማውራት ትችላላችሁ።

መንገዱ ቢዘጋስ?

ቦታውን መርጣችሁ፣ ገንዘቡን ለይታችሁ፣ ልጆቹን ለአያት ሰጥታችሁ ሳለ መንገዱ ቢዘጋ አትሂዱ። ነገር ግን ዕረፍቱን አትሰርዙት። ልጆቹን እንደ ተባለው አያታቸው ዘንድ ላኩ፤ በራችሁን ዝጉ፤ በቤታችሁ እንግዳ ሁኑ። ማለዳ በከተማችሁ አጠገብ ካለው ኮረብታ አብራችሁ ወጥታችሁ ተመለሱ። ባል ቡና ያፍላ፤ ሚስት ትቀመጥ። ይህ በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ግን ያቺ ልጅዋ ሰባተኛ ክፍል የደረሰችባት እኅት የጠየቀችው ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም።

ጴጥሮስ በተራራው ላይ የጌታን ክብር ባየ ጊዜ ዳስ ሠርቶ እዚያው መቅረት ፈለገ። ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ፤ ከታችም የታመመ ልጅ ይዞ የሚጨነቅ አባት ይጠብቃቸው ነበር (ማር. 9፥2-27)። ተራራ የሚወጣው ለመውረድ ነው። መልካም የዕረፍት ቦታ ማለት ፎቶው የሚያምር ሳይሆን፣ ከዚያ ወርዳችሁ ልጆቻችሁን፣ ምእመናኑንና ሥራችሁን በታደሰ ልብ የምትቀበሉበት ቦታ ነው። በዚህ ሚዛን ስትመዝኑት ለአንዳችሁ ጉና፣ ለአንዳችሁ ጣና፣ ለአንዳችሁም የራሳችሁ ጓሮ ይሆናል።

ባልና ሚስት አብራችሁ ተወያዩበት

1. ብቻችንን አብረን ያደርነው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው?
2. ዘንድሮ ከሁለታችን ይበልጥ የደከመው ማን ነው? እርሱን ወይም እርሷን የሚያሳርፈው ብርድ ነው ወይስ ሙቀት፣ መንገድ ነው ወይስ መቀመጥ?
3. በየወሩ ስንት ብር መለየት እንችላለን? ልጆቹን ማን ይይዝልናል?
4. ሳንጎትተው ቤት ልንተወው የሚገባን “ሴባስቶፖል” ምንድን ነው?

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ፤ መውጫችሁንና መግቢያችሁን ይጠብቅ።